ጼል ማለት ጥላ ነው

ኔታንያ

ለተወደድሽው እናቴ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ ትንሽ ሻል አለሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ልጆቹም መምጫሽን ቀን እየቆጠሩ ይጠብቃሉ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ባለፈው ሐምሌ እዚህ ኔታንያ በባሕሩ ዳርቻ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ ስላልወጣ ነው። እኔ ከልጆቹ ጋር ውኃ ውስጥ በነበርሁበት ጊዜ አንቺ ከጃንጥላው ሥር ተቀምጠሽ ነበር። ፀሐይዋ ስትዞር ጥላውም ዞሮ በአጠገብሽ ወደ ተቀመጡት ሰዎች ሄደ፤ አንቺ ግን «እባካችሁ ጠጋ በሉልኝ» የምትይበት ቃል ስላልነበረሽ ነጠላሽን በራስሽ ላይ ጣል አድርገሽ ያን ሁሉ ሰዓት በፀሐይ ቆየሽ። ስመለስ የነጠላሽ ጥለት በላብ ርሶ ግንባርሽ ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። ለምን እንዳልጠራሽኝ ስጠይቅሽም «ሰው ማስቸገር አልወድም» ብቻ አልሽኝ።

ስለዚህ ዘንድሮ ከመምጣትሽ በፊት የሚያስፈልጉሽን ጥቂት የዕብራይስጥ ቃላት በራሳችን ፊደል ጽፌልሻለሁ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወደ እስራኤል ከመጣን በኋላ በኡልፓን፣ ማለትም በዕብራይስጥ ማስተማሪያው ትምህርት ቤት፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈው ጽሕፈት ምን ያህል እንዳስመረረሽ፣ «ይህ ለእኔ አልተፈጠረም» ብለሽም ደብተሩን እንደ ዘጋሽው አስታውሳለሁ። ነገር ግን እኔ ሳልወለድ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ቀን እንጨትና ውኃ ስትሸከሚ ውለሽ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል የለየሽ ሴት ስለሆንሽ፣ ይህ ያቅትሻል ብዬ ለአንድ ቀን እንኳ አላምንም።

ከሁሉ አስቀድመሽ «ኤፍሻር» የሚለውን ቃል ያዥ። ትርጉሙ «ይቻላል ወይ» ማለት ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ቃሉ ስለማይለወጥ የምትሳሳቺበት ምንም የለም። «ኤፍሻር ማይም?» ካልሽ ውኃ ጠየቅሽ ማለት ነው። «ኤፍሻር ላሼቬት ፖ?» ማለት እዚህ መቀመጥ ይቻላል ወይ፣ «ኤፍሻር ላዙዝ ክጻት?» ማለት ደግሞ ትንሽ ጠጋ ማለት ይቻላል ወይ ነው፤ ባለፈው ዓመት ያጣሽው ይህችን ነበር። እርዳታ ስትፈልጊ «ኤፍሻር ኤዝራ?» ትያለሽ፤ የነቢዩን የዕዝራን ስም ካስታወስሽ አትረሺውም።

ጥላ «ጼል» ይባላል። ይህ ቃል ለአንቺ እንግዳ አይደለም፤ አባትሽ ከቤተ እስራኤል ቄሶች ጋር ያከብሩት የነበረው በዓለ መጸለት፣ የዳስ በዓል፣ ሥሩ ከዚሁ ነው። «ማይም» የሚሉትም የግእዙ «ማይ» ነው። እኔ ይህን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው፤ ሳስተውለው ግን ዕብራይስጡ የሰው ቤት መሆኑ የቀረ ያህል ተሰማኝ።

አሁን ደግሞ ስለከፋሽ ነገር ልጻፍልሽ። ወንበር የሚያከራየው ልጅ «ማ አት ሮጻ፣ ማሚ?» ባለሽ ጊዜ ፊትሽ ሲለወጥ አይቻለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «አንቱ» እያለ ያከበራትን ሴት፣ የልጅ ልጅዋ የሚሆን ጎረምሳ «አንቺ፣ ምን ትፈልጊያለሽ» ሲላት ደስ ሊላት አይችልም። ዕብራይስጥ ግን በዕለት ንግግሩ «አንቱ» የለውም፤ ሽማግሌም ይሁን ሕፃን፣ ወንዱ «አታ»፣ ሴቲቱ «አት» ናት። እኛ «ና» እና «ነይ» እንደምንለው እነርሱም «ቦ» እና «ቦኢ» ብለው ወንድና ሴትን ይለያሉ፤ ታላቅና ታናሽን ግን አይለዩም። እኔ ልጅሽ «አንቺ» ስልሽ ከፍቶሽ አያውቅም፤ የእነርሱንም «አት» ከእኔ አፍ እንደ ወጣ አድርገሽ ስሚልኝ። «ነሻማ» ሲሉሽ «ነፍሴ» ማለታቸው ነው፤ «ካፓራ» ሲሉሽም «ቤዛ ልሁንሽ» እንደ ማለት ነው፤ እኛስ «ልሙትልሽ» እንል የለም ወይ? መልስሽ «ቶዳ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ ከሆነ ይበቃል።

በድምፅ ማጉያ የሚጮኸው «ማጺል»፣ ማለትም ዋናተኞችን የሚጠብቀው ሰው፣ የተቆጣ ይመስላል እንጂ ሥራው ነው። «ግቬሬት፣ ያሚና!» ካለሽ «እመቤት፣ ወደ ቀኝ» ማለቱ ነው፤ «ላጼት ሜሃማይም!» ካለ ግን ሳትዘገዪ ከውኃው ውጪ። አንቺ ዓርብ ዓርብ ወንዝ ወርደሽ ገላሽንና ልብስሽን አጥበሽ ሰንበትን ትቀበይ ስለነበር ውኃ እንደማትፈሪ አውቃለሁ፤ ሆኖም ይህ ባሕር ቁርጭምጭሚት ላይ የተኛ መስሎ ሰውን ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ከማጺሉ ማማ ፊት ለፊት ብቻ እንገባለን፤ ነጭ ባንዲራ ከተሰቀለ መግባት ይቻላል፣ ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ክልክል ነው። ልጆቹ «ሜዱዛ!» ብለው ከጮኹ እንደ ቀጭን ላስቲክ ያለች፣ የምታቃጥል የባሕር ፍጥረት አይተዋልና ወደ ኋላ በይ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ እንሄዳለን። ሲሮኒት በሚባለው የባሕር ዳርቻ በኩል ገደሉን የሚያወርድ ሊፍት ስላለ ደረጃው ጉልበትሽን አያስቸግረውም። ነጠላሽንና ሰፊውን ባርኔጣሽን ያዥ፤ ውኃና ቆሎ እኔ እይዛለሁ። ወንበሩን ግን እኔ አልጠይቅም፤ «ኤፍሻር ኪሴ ባጼል?» ብለሽ ከጥላው ሥር ወንበር የምትጠይቂልን አንቺ ነሽ፤ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ