ስንኙ የት ይመራል? የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ጅማ ያለው የትምህርት ቤት ክበባችን ዘንድሮ ግጥም ከመጻፍና ከማንበብ አልፎ ሀብት ፍለጋ ውስጥ ገብቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ቡድን ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ግቢ ውስጥ ይደብቃል። ወደ ሳጥኑ የሚያደርሱ ፍንጮችን በስንኝ ይጽፋል። ሌሎቹ ስንኙን እየፈቱ ከቦታ ቦታ ይሄዳሉ።

ደንቡን ከእንቆቅልሽ ወሰድን። መፍታት ያቃተው ቡድን «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ሰጥቶ ተጨማሪ ፍንጭ ይቀበላል። አንዴ የተሰጠ አገር ደግሞ አይሰጥም። አጋሮ፣ ሰቃ፣ ደዶ፣ ሊሙ ገነት እየተባለ ዙሪያችን ያለው ሁሉ አለቀ። ጅማን ለመስጠት ግን የደፈረ ቡድን የለም። ቤታቸው በኦሮምኛ ሂቦ (እንቆቅልሽ) ሲጠያየቁ ያደጉት ልጆች ለዚህ ጨዋታ እንግዳ አልነበሩም። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚፈቱት እነሱ ነበሩ።

በመጀመሪያው ሴሚስተር በጣም ያከራከረን ይህ ነው፦

ጥፋት ሳይኖርበት ዘወትር ይመታል፣
እሱ ሲጮህ ጊዜ ሰው ሁሉ ይሮጣል።

አንዱ ቡድን ሳያመነታ ወደ ኳስ ሜዳው ሮጠ። «ኳስ ነዋ ቲቸር! ኳስ ይመታል፣ ሰውም ይሮጣል።» ጎሉ ሥር ምንም የለም። «ጩኸቱንስ ምን አደረጋችሁት?» ስላቸው «ደጋፊው ይጮሃል» አሉኝ። ስንኙ ግን «እሱ ሲጮህ» ነው የሚለው። የሚመታውና የሚጮኸው አንድ ነው። ሌላው ቡድን ደግሞ «ይመታል» የሚለውን አላልቶ አነበበና የሚመታ ሰው መፈለግ ጀመረ። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ፍንጭ ጸሐፊም ይህችን ክፍተት አሳምሮ ያውቃል። «ጥፋት ሳይኖርበት» የሚለው ግን ተመቺ እንጂ መቺ እንዳልሆነ ይናገራል። ሦስተኛው ቡድን እያንዳንዱን ቃል ይዞ ከተሟገተ በኋላ ቀስ ብሎ ሄዶ ደወሉ ሥር ቆመ። የእኛ ደወል የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው። ወረቀቷ ከበስተጀርባው ነበረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የክበባችን ዋና ሕግ ወጣ። ከስንኙ አንዲት ቃል እንኳ ሳትፈታ ከቀረች መልሱ አልተገኘም። ዓመቱን ሙሉ ያየሁት ትልቁ ስህተት መጀመሪያ ቦታ መምረጥ ነው። ልጁ ቦታውን ይወደዋል፣ ከዚያ ግጥሙን ወደዚያ ይጎትታል። የማይመቸውን ቃል ዝም ብሎ ያልፈዋል። ወርቁ ግን ከሰሙ ውስጥ ይወጣል እንጂ ከውጭ አይመጣም።

ይህ የልጆች ስህተት ብቻ አይደለም። ፎረስት ፌን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ነጋዴ ወርቅና ጌጣጌጥ የሞላበት ሳጥን በሮኪ ተራሮች ውስጥ ደብቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ሳጥኑ የሚመራ የ24 ስንኝ ግጥም አሳተመ። ግጥሙ ፍለጋውን ሞቅ ያለ ውሃ ከሚያቆምበት ቦታ ጀምሩ ይላል። አንዱ ፍል ውሃ ነው አለ፣ ሌላው ግድብ፣ ሌላው ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት። ሁሉም የራሱን ወንዝ ይዞ ቀረ። ሳጥኑ የተገኘው በ2020 በዋዮሚንግ ግዛት ነው፤ ያገኘው የሕክምና ተማሪ ነበር። እስከዚያው ቢያንስ አምስት ሰዎች በፍለጋው ሕይወታቸውን አጥተዋል። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። አይወጣም፣ አይቆፈርም፣ ከአጥር አይታለፍም የሚለው ደንባችንም ከዚህ የመጣ ነው።

በዚያው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ሌላ መጽሐፍም አለ። አሥራ ሁለት ግጥምና አሥራ ሁለት ሥዕል ይዟል፤ የትኛው ግጥም ከየትኛው ሥዕል ጋር እንደሚሄድ ግን አይናገርም። ከተቀበሩት አሥራ ሁለት ሳጥኖች መገኘታቸው የታወቀው ሦስት ናቸው፦ በ1983 ቺካጎ፣ በ2004 ክሊቭላንድ፣ በ2019 ቦስተን። የቺካጎውን ያገኙት ወጣቶች መሆናቸው ልጆቻችንን በጣም ነው ደስ ያሰኛቸው።

ፈቺ ብቻ አይደለም የሚሳሳተው፤ ጸሐፊም ይሳሳታል። አንድ ቡድን ይህን ጻፈ፦

አቦሉን እለፈው፣ ቶናውም ይቅርህ፣
በረካው ጋ ስትደርስ ይሞላል እጅህ።

ሦስተኛዋ የቡና ችግኝ ማለት ነው። ሁሉም ወዲያው ገባው። የጅማ ልጅ ይህ እንዴት ይጠፋዋል! ግን ከየት ተነስቶ ነው የሚቆጠረው? ከበሩ በኩል ወይስ ከቤተ መጻሕፍቱ? ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ሄደ። ጸሐፊዎቹ ተመልሰው መነሻውን የሚናገር ስንኝ ጨመሩ፦

ሺህ ሰው ያወራል፣ ድምፅ ግን የለበት፣
ጆሮህን ትተህ ና፣ በዓይን ስማበት።

ይህ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል። አሁን ፍንጩ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያደርሰው።

ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ግን የአንዲት ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሥራ ነው፦

ደክሞኝ ብጠጋት መች አዘነችልኝ፣
ገና ከመድረሴ ጥላ አስተኛችኝ።

ላይ ላዩን የጭካኔ ወሬ ይመስላል። ጥላ፣ መሬት ላይ አስተኛችው። ውስጡን ግን ሜዳው ዳር ያለችው ትልቋ ዛፍ ናት፤ በጥላዋ ያሳረፈችው። ስሙን ሳትጠራ፣ አንዲት ትርፍ ቃል ሳታስገባ። ይህን ስታነብልን ተነስቼ አጨበጨብኩ።

በሁለተኛው ሴሚስተር ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጣን። እዚያ የሚደበቅ ነገር አልነበረንም፤ ቅርስ ላይ አይቀለድም። ልጆቹ ቤተ መንግሥቱን አይተው እዚያው ተቀምጠው ጻፉ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ለገዙት ለዳግማዊ አባ ጅፋር ይህ ተጻፈ፦

ባለቤቱ ሄደው ቤታቸው ግን አለ፣
ከዳገቱ ሆኖ ከተማ ሲያይ ዋለ።

የቀረውን ባጭሩ ልጥቀስ። የጅማ ዝናብ ብዙ ፍንጭ አበላሽቶብናል፤ በኋላ ወረቀቱን በፌስታል መጠቅለል ጀመርን። በወላጆች ቀን ወላጆችና ልጆች ተወዳደሩ፤ ወላጆች አሸነፉ። እንጨት ሥራ የሚሠሩ አንድ አባት ለዋንጫ የሚሆን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጠርበው ሰጡን። እናመሰግናለን። በርጩማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል፤ የዓመቱን ምርጥ ፍንጭ የጻፈ ይቀመጥበታል።

በሚቀጥለው ዓመት ክበቡን መቀላቀል የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ይፍታ፦

ቀን የተማረውን ማታ የሚረሳ፣
ፊቱን ሲጠርጉለት ነገር የማያነሳ፣
ጥቁር ሆኖ ሳለ ነጭ ፊደል ለቃሚ፣
ከወንድሞቹ መሀል ቀድሞ ደወል ሰሚ።

ምን እንደሆነ ብቻ መናገር አይበቃም፤ የትኛው እንደሆነም ይገለጽ። አራቱንም ስንኝ አስረድታችሁ መልሱን በመስከረም ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ በጽሑፍ ስጡ።