እማዬ፣ የግራሩ ቅርንጫፍ ትንሽ ይቆይልኝ

እማዬ እንዴት ነሽ? የአዳማ ሙቀት እንዴት አረገሽ፣ አራሷስ ጨቅላውስ? በስልክ ስናወራ ልጁ ያለቅሳል ኔትዎርኩም ይቆራረጣል፣ ግማሹን ሳልነግርሽ እየዘጋን ስለሆነ በቴሌግራም ልጻፈው ብዬ ነው፣ እህቴ ጮክ ብላ ታንብብልሽ። እኛ ሐዋሳ ሁላችንም ደህና ነን።

ነገሩ የጓሮው ግራር ነው። ከኩሽናው ቆርቆሮ በላይ ያለውን ደረቅ ቅርንጫፍ ክረምት ሳይገባ አስቆርጠው ብለሽኝ ነበር፣ ቆራጭም አግኝቻለሁ፣ ግን አሁን አይሆንም። ለምን ብትይ እዛ ላይ አራስ አለች። ያቺ "ዛፌን አደረቀችው" የምትያት ግንደ ቆርቁር ቅርንጫፉን ፈልፍላ ገብታለች፣ ጫጩቶቹም ተፈልፍለው ሲንጫጩ ከኩሽና በር ይሰማል።

ቁመቷ 15 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቷ 30 ግራም ቢሞላ ነው፣ ለዛ ነው ድምጿን ሰምተሽ አንጋጠሽ ፈልገሽ የምታጫት። ጀርባዋ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ሆኖ ነጣ ነጣ ያለ ዥንጉርጉር አለው፣ ደረቷ ላይ ደሞ ቁልቁል የወረዱ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉ። ወንዱን የምትለይው በአናቱ ነው፣ ግንባሩ ቡናማ ከዛ ወደኋላ ቀይ፣ እሷ ቀዩ ቦታ ላይ ጥቁር ናት። ወፍ የሚያስጎበኙት ልጆች ካርዲናል ግንደ ቆርቁር ይሏታል፣ ከሰሃራ በታች ብዙ አገር ስላለች ብርቅ አይደለችም። ደሞ ሐዋሳ የመጣ ሰው ሁሉ አሞራ ገደል ሄዶ የዓሣ ትራፊ የሚጠብቀውን አባ ኮዳ ፎቶ ሲያነሳ ነው የሚውለው፣ እሷን ማን ያያታል።

ጠዋት ጠዋት ሲንጫጫ የሚቀሰቅስሽ ግን የሷ ድምፅ አይደለም፣ እሱ ኑቢያን የሚባለው ነው፣ ዘመዷ ነው ግን 20 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል፣ ጉንዳንና ምስጥ ይወዳል። ወንዶ ገነት ደሞ ጀርባዋ ወርቅማ የሆነች ሌላ አለች፣ እሷ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የለችም፣ ስትመለሺ ለጉልበትሽ ፍል ውሃ ስንሄድ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ ክርክራችን። ዛፉን እሷ አላደረቀችውም እማዬ፣ ቅርንጫፉ ቀድሞ ስለሞተ ነው የመጣችው። ደረቅ እንጨት ውስጥ የጥንዚዛ ትል አለ፣ እሱን ነው የምትለቅመው። ወፍራሙን ግንድ ብዙም አትነካውም፣ ቀጫጭኑ ጭራሮ ላይ ተዘቅዝቃ ሁሉ ተንጠልጥላ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ታረጋለች፣ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ላይም ትወጣለች። ከጣቶቿ ሁለቱ ወደፊት ሁለቱ ወደኋላ ስለሆኑ አጥብቃ ትይዛለች፣ ጅራቷም ጠንካራ ነው፣ ግንዱ ላይ እሱን ተደግፋ ነው የምትቆመው። ምላሷ ረጅም ነው፣ የምላሷ አጥንት በራስ ቅሏ ዙሪያ ዞሮ ነው የሚቀመጠው፣ ጉድ እኮ ነው።

ራሷን አያማትም ወይ ብለሽኝም ነበር። ድሮ የራስ ቅላቸው እንደ ስፖንጅ ንዝረቱን ይውጠዋል ይባል ነበር፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን በሌሎች ሦስት ዓይነት ግንደ ቆርቁሮች ላይ በፈጣን ካሜራ ሲያየው ምንም የሚውጠው ነገር የለም፣ አንጎላቸው ትንሽ ስለሆነ ነው ምቱን የሚችሉት። እንደኛ ቢሆኑ ኖሮ ፓናዶል አይበቃቸውም ነበር።

ጎጆውን ሁለቱም ናቸው የሚፈለፍሉት፣ ውስጡ ሳር ምናምን አይነጠፍም፣ እንቁላሉ ያው የእንጨቱ ፍርፋሪ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይ ሦስት ነጭ እንቁላል ትጥላለች፣ ተራ በተራ ከ10 እስከ 13 ቀን ይታቀፉታል፣ ጫጩቶቹ ደሞ እስኪበሩ ወደ 27 ቀን ይፈጃል። አብዛኞቹ ግንደ ቆርቁሮች ሌሊት የሚያቅፈው ወንዱ ነው፣ ይቺን መስመር እህቴ ለአማችሽ ደግማ ታንብብለት።

ስለዚህ የምለምንሽ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ብቻ ነው፣ ከወር አያልፍም። ንፋስ ቢመጣ ቆርቆሮው ላይ እንዳይወድቅ ቅርንጫፉን ከጤነኛው ጋር በወፍራም ገመድ አሳስሬዋለሁ፣ ከስሩም ማንም እንዳይቀመጥ ብያለሁ። ከዛ በኋላም ባይሆን ጫፉን ብቻ እናስቆርጥ፣ ለቆርቆሮው የሚያሰጋው እሱ ነው፣ ጉድጓዱ ያለበት ጉማጅ ግን ይቅር። የለቀቀችውን ጉድጓድ ሌሎች ወፎች ይገቡበታል፣ እነዛ የምትወጃቸው አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖችም የሚያድሩት የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ሙሉውን ይቆረጥ ካልሽ ግን ዛፉ ያንቺ ነው፣ አልከራከርሽም፣ ቀኑን ብቻ ለኔ ተይው።

ቆራጩ ቀብድ ካልሰጣችሁኝ ሌላ ሥራ እይዛለሁ እያለ ነው። ልስጠው ወይስ አንቺ እስክትመጪ ይጠብቅ? መጻፍ ካስቸገረሽ ድምፅ ላኪልኝ፣ ማታ ከሥራ ስገባ እሰማዋለሁ።