የሞንታና ፈረሶችና ቀራፂያቸው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ምዕራብ አሜሪካ ሥነ ጥበብ ያወጣችሁት ጽሑፍ ከኮርቻ ላይ ካውቦይ ባለማለፉ ቅር ብሎኛል። በ1949 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ የተወለደችውና በሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው ቀራፂ ዴቦራ በተርፊልድ መዘለል አልነበረባትም። በ1970ዎቹ ከጭቃና ከጭራሮ ያበጀቻቸው ፈረሶች ጋላቢ የላቸውም፤ የጦር አዛዥ ተሸክሞ በየአደባባዩ ከሚንጎራደደው የነሐስ ፈረስ ይልቅ እኔ እነዚህን እመርጣለሁ። ኋላ የሠራቻቸው ደግሞ ሲያዩአቸው እንጨት ይመስላሉ እንጂ ነሐስ ናቸው፤ እውነተኛ የዛፍ ቅርንጫፍ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተቃጥሎ ሲያልቅ በባዶው ቦታ የሚፈስሰው ቀልጦ የተዘጋጀ ነሐስ የቅርፊቱን ስንጥቅ ሳይቀር ይይዛል፣ ከዚያም ቁርጥራጮቹ ተበይደው የደረቀ እንጨት መልክ እንዲኖራቸው ቀለም ይሰጣቸዋል። በሚቀጥለው እትም፣ ቢቻል ከፎቶግራፍ ጋር፣ ብትመለሱበት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ