ሁለት ዙር ይበቃዋል

ሚጣዬ፣

ፖስታሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ከሥራ ገብቼ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ነው የከፈትኩት። ለዓሣ ማጥመጃ የሠራሻቸውን አራቱንም ሰው ሠራሽ ዝንቦች ነጭ ወረቀት ላይ ደረደርኳቸው፣ መነጽሬን አጠለቅኩ፣ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳያቸው ቆየሁ። ማንም አጠገብሽ ሳይኖር፣ ኤዲንብራ በዚያች ጠባብ ክፍልሽ ቁጭ ብለሽ ይህን መሥራትሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ጭንቅላታቸው ትንሽ ነው። ቋጠሮው ጠብቋል፣ በጥፍሬ ገፋ ገፋ ባደርገው ንቅንቅ አላለም። ግን ለልጄ እውነቱን ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው። ላባው በዝቷል።

እንዴት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። የቆቅ ላባ ያሳሳል። ያንን ቡናማ ዝንጉርጉር እያየሽ ነቅሎ መጣል ይከብድሻል፣ መንጠቆው ላይ አንድ ዙር ልጨምር ትያለሽ፣ ከዚያ ሌላ፣ ዝንቡም ሞላ ብሎ ያምርብሻል። እጅ ላይ ነው የሚያምረው። እስቲ አሁኑኑ ተነሺና ከቀሩሽ አንዱን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክረሽ በመብራት እዪው። ላባው ተጣብቆ አንድ ጥቅል ይሆናል፣ ገላው የተጠመጠመበት ብርቱካናማ ሐር ጭራሽ አይታይም። ሁለት ዙር ብቻ ቢሆን ግን እያንዳንዱ ዘለላ ለብቻው ይዘረጋል፣ ብርጭቆውን ነቅነቅ ስታደርጊው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በመሃሉ ገላው ብልጭ ይላል። የምናጠምደው ዓሣ፣ ትራውቱ፣ የሚያየው እሱን ነው።

የሠራሽው ዝንብ፣ ፓርትሪጅ ኤንድ ኦሬንጅ፣ ሌላ ነገር የለውም። የቆቅ ላባና ብርቱካናማ ሐር፣ ስሙም የሚለው ይህንኑ ነው። እዚህ ዮርክሻየር እንዲህ ያሉትን ዌት ፍላዮች፣ ውሃ ውስጥ ሰጥመው የሚያጠምዱትን ዝንቦች፣ ስፓይደር (ሸረሪት) ቢሏቸውም ሸረሪትን ለማስመሰል የተሠሩ አይደሉም። ድንጋይ ሥር ውሃ ውስጥ አድገው፣ ቆዳቸውን ጥለው ለመብረር ወደ ላይ የሚወጡትን ትንንሽ ነፍሳት ነው የሚመስሉት። ያኔ ክንፋቸው ገና በግማሽ ተጨማዶ፣ እግራቸው እየተንፈራገጠ፣ ወራጁ ይዟቸው ይሄዳል። ከነፍሳቱ አንዷን ይዘሽ አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ከሲታ ናት። የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስድስት እግሮች ናቸው ያሏት።

የወንዙን ነገር ደግሞ አስቢው። የእኛዎቹ ወንዞች፣ ዋርፍ፣ ኒድ፣ ዩር፣ ስዌል፣ ሁሉም ከተራራ የሚወርዱ ናቸው። ዝናብ ሲጥል ይሞላሉ፣ ድንጋይ ላይ እየተንኮታኮቱ ነው የሚሄዱት። ደቡብ እንግሊዝ እንደ ቴስትና ኢቸን ያሉት ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚመነጩ ወንዞች ግን ጥርት ያሉና ረጋ ያሉ ስለሆኑ ዓሣው የመጣለትን ነገር እየተከተለ የማየት ጊዜ አለው። የሰሜኑ ትራውት ያ ጊዜ የለውም። ከድንጋይ ጀርባ ቆሞ ሳለ የሆነ ነገር ሽው ብሎ ያልፋል፣ ወይ ያዘው ወይ አመለጠው። ስለዚህ የሰሜን ሰዎች ዝርዝሩን ትተው እንቅስቃሴውን ያዙ። ላባ ያበዛሽበት ዝንብ ዘለላዎቹ እርስ በርስ ይደጋገፉና ቀጥ ብለው ይቀራሉ። መስጠምም እምቢ ይላል።

አሁን እኔ እንዴት እንደምሠራ ልንገርሽ፣ እጄን እያየሽ እንዳለሽ አድርገሽ አንብቢው። መንጠቆው 14 ቁጥር ይሁን። ሞርሳው ላይ ካሰርሽው በኋላ በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው። ደካማ ከሆነ ዓሣ ይዞ ከሚታጠፍ እዚያው ይታጠፍ። ሐሩን አንድ ክንድ ያህል ቁረጪና ሰሙ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቢው። ይህን ያስተማሩኝ ሽማግሌው ጎረቤታችን አባባ ጥቁሩን የጫማ ሰፊ ሰም ነበር የሚወዱት፣ እኔ የጧፍ ሰም ነው የምጠቀመው፣ አንድ ቀን ሰጥቻቸው አሽትተው አሽትተው ኪሳቸው ከተቱት። ደረቁ ሐር እንደ ፋንታ ነው አይደል? ሰም ሲነካውና ውሃ ሲጠጣ ጠቆር ብሎ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። ለዚህ ነው ናይለን አትጠቀሚ የምልሽ፣ ናይለን እንደዚያ አይለወጥም።

ከመንጠቆው ዓይን ትንሽ ወረድ ብለሽ ጀምሪ። ላባውን እዚያው፣ ገላውን ከመጠምጠምሽ በፊት እሰሪው፣ ጭንቅላቱ እንዲያንስ የሚረዳው ይህ ነው። ከዚያ ሐሩን ጎን ለጎን ወደ ታች ጠምጥሚ። ሁለተኛው ስህተትሽ እዚህ ላይ ነው። አንቺ እስከ ጥምዙ ድረስ ወርደሻል። ሐሩ ከመንጠቆው ሹል ጫፍ ትክክል ላይ ሲደርስ ቁሚና ተመለሽ። ገላው አጭር መሆን አለበት። ላባውን ከማሰርሽ በፊት ከሥሩ ያለውን ብናኝ የመሰለ ልስላሴ ንቀይው፣ ከአንዱ ጎን ያለውንም ዘለላ ሙልጭ አድርገሽ ብታወጪው ጥሩ ነው፣ እኔ ሁልጊዜ አወጣዋለሁ። ርዝመቱ የመንጠቆውን ጥምዝ ትንሽ አለፍ ቢል በቂ ነው። ሁለት ዙር። ሐሩን በዘለላዎቹ መሃል አሳልፈሽ ቋጥሪ፣ ጠብታ ቫርኒሽ፣ አለቀ።

ይህን ስጽፍልሽ አባባ በዓይኔ ላይ ናቸው። አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ የምታስታውሺው ካራሜላ መስጠታቸውን ብቻ ነው። እዚህ ሊድስ በመጣን በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ቀን ፀሐይ ወጣች ብዬ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጥጥ እፈትል ነበር፣ ከጎጃም ይዤው በመጣሁት እንዝርት። እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ጎረቤታችን ሽማግሌው ቆመው አዩኝ። ፊቴን አልነበረም የሚያዩት፣ ጣቶቼን ነው። በማግስቱ አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ይዘው መጡ። ውስጧ ቢጫ ሐር፣ ከፍልፈል ቆዳ ላይ የተላጨ ፀጉርና ጥቁር ግራጫ ላባ ነበረባት። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፣ ይንቀጠቀጣል። ፀጉሩን ሐሩ ላይ ማሳሳት አቅቷቸው ኖሯል።

ያ ዝንብ ዋተርሄን ብሎዋ ነው። ዋተርሄን ላባው የሚገኝባት የውሃ ወፍ ናት። ብሎዋ የሰሜን ሰዎች ጥንታዊ ቃል ነው፣ ዝናብ የያዘ ደመና ያለውን ዓይነት ሰማያዊ ግራጫ ማለት ነው። ሰም የተቀባ ቢጫ ሐር ላይ የፍልፈሉን ፀጉር ታለብሺዋለሽ፣ ግን ልብስ እስኪመስል አይደለም። ጉም እንዲመስል ነው። ቢጫው ከሥር መታየት አለበት። እኔ መጀመሪያ አበዛሁት። አባባ ነቀሉና "ሌስ" አሉኝ፣ ቀንሺ ማለታቸው ነው። ቀነስኩ። አሁንም ነቀሉና "ሌስ"። እንግሊዝኛ ከዚያች ቃል ነው የጀመርኩት ብልሽ ማጋነን አይደለም። በአራተኛው ልክ ሆነ፣ ሽማግሌው ዝም ብለው መስኮቱ ጋ ወስደው ሲያዩት ቆዩ። አያቴ ትዝ አለችኝ። ከባዘቶው ስስብ ድንገት ካወፈርኩት ክሩን ጣቷ ላይ ታንከባልልና "አሳሺው፣ ማጉ ከወፈረ ነጠላው ይከብዳል" ትለኝ ነበር። ሁለቱ ባይተዋወቁም አንድ ነገር ነው ያስተማሩኝ፣ እኔ ደግሞ ለአንቺ በደንብ ሳላስተምር ነው ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ።

ከዚያ በኋላ አባባ እስኪሞቱ ድረስ ዝንባቸውን የምሠራላቸው እኔ ነበርኩ። በምላሹ ወንዝ አሳዩኝ። አንቺን አዝለን አይባልም እንጂ ልናዝልሽ ምንም አልቀረንም፣ በባቡር ኢልክሊ እየሄድን ዋርፍ ዳር እንውል ነበር። አንዴ አገርሽ ትራውት አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ የለም አልኳቸው። ለካ ባሌ ተራሮች ላይ፣ ዌብ ወንዝ ውስጥ አለ! ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ኬንያ ደግሞ በፈረንጅ 1905 መጀመሪያ የገባው ከሎክ ሌቨን የተወሰደ እንቁላል ነው፣ አንቺ ካለሽበት ትንሽ ወደ ሰሜን ያለው ሐይቅ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ እሳቸው አልነበሩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ብነግራቸው እንዴት ይደሰቱ ነበር።

እዚያ ስኮትላንድ ትዊድ ወንዝ ላይ የትራውት ማጥመጃ ወቅቱ ማርች 15 ይከፈታል፣ ከእኛ አሥር ቀን ይቀድማል። የወንዙን ፈቃድ አስቀድመሽ ግዢ። ብርዱ ሳይለቅ ዋተርሄን ብሎዋና ስናይፕ ኤንድ ፐርፕል የሚባለው ሌላው ዝንብ ይሻላሉ፣ ኤፕሪል ገባ ብሎ ሲሞቅ ብርቱካናማውን አውጪ። እንደ ጀማሪ ሩቅ አትወርውሪ። ከወራጁ በታች ቆመሽ ወደ ላይ አግድም ጣል አድርጊው፣ ዘንጉን ከፍ አድርገሽ ያዢ፣ ዝንቡ በራሱ ይምጣ፣ አትጎትቺው። ዓሣው መንካቱ እጅሽ ላይ ላይሰማሽ ይችላል። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን የመስመሩን ጫፍ እዪ፣ ቆም ካለ ብድግ አድርጊው። ስታገኚው እጅሽን አርጥበሽ ያዢው፣ ደረቅ እጅ ቆዳውን ይጎዳዋል።

ደግሞ ከጉልበትሽ በላይ እንዳትገቢ። ቦልተን አቢ ጋ ስትሪድ ላይ ያሳየሁሽን አትርሺ፣ ዋርፍ ያህል ወንዝ በአንዲት ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ሲገባ ከላይ ሲያዩት በእርምጃ የሚሻገሩት ይመስላል፣ ብዙ ሰው በልቷል። ብቻሽን አትሂጂ፣ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ፣ ባትወድም ዳር ላይ ትቀመጥ።

ፖስታው ውስጥ የቆቅ ላባ፣ የጧፍ ሰም ቁራጭና የአባባን ቢጫ ሐር አድርጌልሻለሁ። ፒርሳልስ ጎሳመር የሚባለው ነው፣ አሁን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም፣ እንጨቱ ላይ የቀረው ጥቂት ስለሆነ ለልምምድ ሌላ ተጠቀሚ። ሦስት ብርቱካናማና አንድ ዋተርሄን ሠርተሽ ላኪልኝ። እነዚህን አራቱን አልመልስልሽም፣ መጋረጃው ላይ ሰክቻቸዋለሁ። ለፋሲካ ስትመጪ ኢልክሊ እንሄዳለን፣ ዳቦ እኔ እይዛለሁ።

ስትሠሪ መብራቱን በግራሽ በኩል አድርጊው፣ የእጅሽ ጥላ መንጠቆው ላይ እንዳይወድቅ።

እናትሽ