ከዳንሱ ጀርባ ያሉትም ይጠሩ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ፉትሉስ» ስለተባለው የወጣቶች የዳንስ ፊልም ያወጣችሁት ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ተዋናዩ ኬቪን ቤከንና ስለ ዘፋኙ ኬኒ ሎጊንስ ብቻ ነው። የፊልሙ ስክሪፕት ጸሐፊ ዲን ፒችፎርድ አንድም ቦታ አልተጠራም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ኤልሞር ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ተማሪዎች የዳንስ ምሽት እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። ለረጅም ዘመን የቆየው ክልከላም ተነሳ። ፒችፎርድ ይህን ዜና ይዞ ከተማዋ ድረስ ሄደ፤ ስክሪፕቱንም ጻፈ። በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የፊልሙ አልበም ላይ ያሉትን የዘጠኙንም ዘፈኖች ግጥም ከተለያዩ ዜማ ደራሲዎች ጋር ሠርቷል። ዘፈኖቹ ከታሪኩ ጋር እጅና ጓንት የሆኑት ለዚህ ነው። ሁለቱ ለኦስካር ታጭተዋል፤ አልበሙም በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል።

የዳንሱም ነገር እንዲሁ ነው። ቤከን መጋዘን ውስጥ ብቻውን የሚጨፍርበትን ዝነኛ ትዕይንት እሱ ብቻ አልሠራውም። ከባዱን እንቅስቃሴ ተተኪ ተወዛዋዥና ጂምናስቲከኞች ሠርተውለታል። ይህን መናገር የቤከንን ችሎታ አያሳንስም። እነዚያ ሰዎች ግን ላባቸውን አፍስሰው ስማቸው ሲቀር ያሳዝናል። ዳንሱን ያቀናበረችው ሊን ቴይለር ኮርቤትም አልተነሳችም።

ስለዚህ ስለ ዳንስ ፊልም በጻፋችሁ ቁጥር የስክሪፕት ጸሐፊውን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹን፣ የዳንስ አቀናባሪውንና የተተኪ ተወዛዋዦቹን ስም የያዘ አጭር ሳጥን ከጽሑፉ ግርጌ አስገቡ። በሚቀጥለው እትም በዚሁ ፊልም ጀምሩ።

አንባቢያችሁ