ግልጽ ደብዳቤ ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር፦ የሴፕቲክ ሾክ ህክምና ሁሉንም በሽተኛ እንደ አንድ አይይ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር ሰላም ለርሶ ይሁን፣

እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ጉባኤ ሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ልኩን አልፎ የራሱን አካል ሲጎዳ) ላይ ውሳኔ ሲያሳልፍ ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር። በዛው ዓመት 49 ሚሊዮን አካባቢ ሰው በሴፕሲስ ታሞ 11 ሚሊዮን እንደሞተ በኋላ ተገመተ። ዛሬም ግን ህክምናው በዋናነት አንቲባዮቲክ፣ ፈሳሽ፣ ኦክስጅንና የደም ግፊት የሚያነሳ መድሃኒት ነው።

ሴፕቲክ ሾክ ውስጥ፣ ማለትም ሴፕሲሱ ብሶ የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ሲወርድ፣ የሚገለው ባክቴሪያው ብቻ አይደለም እኮ፣ የራሳችን በሽታ ተከላካይ ልኩን ሲያልፍ ነው ደም ስሩ ፈሳሽ የሚያሾልከው፣ ግፊቱ የሚወርደው፣ ኩላሊቱ ስራ የሚያቆመው። ሰውነት ደሞ ይሄን የሚያበርድበት የራሱ መልእክተኛ አለው፣ አንዱ ኢንተርሉኪን 10 ነው፣ ማክሮፌጆች የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 1 የሚባሉትን ቁጣ ቀስቃሽ መልእክተኞች እንዳያበዙ ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጡ ጥናቶች ኢንተርሉኪን 10 የተሰጣቸው አይጦች ገዳይ መጠን ያለው ኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ መርዝ) ተወግተው ተርፈዋል፣ በሌላ ጥናት ደሞ ኢንተርሉኪን 10 የሚሰራው ጂን የሌላቸውን አይጦች በጣም ያነሰ መጠንም ይገላቸዋል።

ታድያ ለምን መድሃኒት አልሆነም? ክሌብሲየላ በሚባል ባክቴሪያ በሚመጣ የሳምባ ምች በታመሙ አይጦች ላይ ኢንተርሉኪን 10ን ማገድ ነው የጠቀመው፣ ምክንያቱም ኢንተርሉኪን 10 ብግነቱን (የመከላከያውን ቁጣ) ሲያበርድ ባክቴሪያ የሚያጠፋውንም ጉልበት አብሮ ያበርዳል። ያው ሞለኪውል በአንዱ ሰዓት ያድናል በሌላው ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቲኤንኤፍን ወይም ኢንተርሉኪን 1ን የሚያግዱ መድሃኒቶች የተሞከሩባቸው የሰው ሙከራዎች ይሄን ሳይለዩ ለሁሉም ሰጡ፣ አልሰራም፣ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው አንዱ ላይ ቲኤንኤፍ የሚያግደውን መድሃኒት በብዛት የወሰዱት ይበልጥ ሞቱ። ከዛ ሃሳቡ በሙሉ የከሸፈ ተደርጎ ታየ፣ ይሄ ነው በጣም የሚያሳዝነኝ። ኢንተርሉኪን 1ን የሚያግደው አናኪንራ የተባለው መድሃኒት የቆየ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሲታይ እኮ ጉበታቸውና የደም መርጋታቸው አንድ ላይ በተዛባ በሽተኞች ላይ ሞት ቀንሶ ነው የተገኘው!

ስለዚ የምጠይቅዎ፣ ድርጅቱ በሴፕሲስ የምርምር ቅድሚያዎቹ ውስጥ በሽተኛው ብግነቱ የበዛበት ነው ወይስ መከላከያው የደከመበት የሚለውን አልጋው አጠገብ የሚለይ ርካሽ ምርመራ ያስገባ። ብግነት ሲበዛ በደም ውስጥ የሚጨምረውን ፌሪቲን የሚባል ፕሮቲን ብዙ ላብራቶሪ ይለካዋል፣ በሞኖሳይት (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ላይ ያለውንና መከላከያው ሲደክም የሚቀንሰውን ኤችኤልኤ ዲአር የሚባል ፕሮቲን መለካት ግን ውድ ማሽን ስለሚፈልግ ቀለል ያለ ዘዴ እንዲወጣለት ገንዘብ ያስፈልጋል። ኢንተርሉኪን 10ም ሆነ ሌላ ብግነት አብራጅ በሰው ሲሞከር መጀመሪያ በዚህ ምርመራ በሽተኛው ይለይ፣ ከዛ ይሰጥ።

ከአክብሮት ጋር