ሰብልዬ፣ ስለ ፊትሽ ቅባት

ሰብልዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል?

ድምፃችን ከተጠፋፋ ስንት ጊዜው! ሰሞኑን እህትሽ ደውላ መገላገልሽን ነገረችኝ። እንኳን ማርያም ማረችሽ! ከእርግዝናው ጋር የመጣው ማድያት ጉንጭሽንና ግንባርሽን መሸፈኑንም አጫወተችኝ። አንድ «ቫይታሚን ሲ» የተባለ ቅባት ከሱቅ ገዝተሽ መጀመርሽን ስሰማ ግን አላስችል አለኝና ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ካርቶኑን አገላብጪና አንብቢልኝ። ክሎቤታሶል የሚል ካለበት ጠንካራ ስቴሮይድ ነው፤ ለጥቂት ሳምንት ፊት ያጠራል፣ ቆይቶ ቆዳ ያሳሳል፣ ደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያፈላል። ከቆየሽበት በድንገት አታቁሚው፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ቆዳ አንጪ መድኃኒትም ሐኪም ጊዜ ወስኖ የሚያዘው እንጂ ለዓመታት የሚቀባ አይደለም። የምፈራው ሜርኩሪን ነው፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ በጡት ወተትም ወደ ሕፃኑ ያልፋል፣ ቢኖርበትም ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ቅባት ከቤትሽ ይውጣ።

እውነተኛውን ቫይታሚን ሲ ስትፈልጊ ኤል-አስኮርቢክ አሲድ የሚለውን ስም ፈልጊ። መጠኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይሁን፤ ከ20 በላይ ማቃጠል እንጂ የሚጨምረው የለም። ለጀማሪ 10 ይበቃል። ወደ ቆዳ እንዲገባ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ3.5 በታች መሆን ስላለበት ትንሽ ቢቆጠቁጥሽ አትደንግጪ፤ ፊትሽ ከቀላና ካቃጠለሽ ግን ታጠቢውና ተዪው። ቆዳሽ የማይችለው ከሆነ ማግኒዥየም አስኮርቢል ፎስፌት የሚባለው ለስለስ ያለ ነው፤ ማስረጃው ግን እንደ መጀመሪያው ጠንካራ አይደለም።

እዚህ ፋርማሲ ስሠራ ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለ ዋጋው ነው። እኔ ግን ብልቃጡን እዩት እላለሁ። ቫይታሚን ሲ በአየር፣ በብርሃንና በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ጥቁር ወይም ብርሃን የማያሳልፍ ብልቃጥ፣ አየር የማያስገባ ክዳን፣ ትንሽ መጠን ምረጪ። ፀሐይ በሚመታው መስኮት የተደረደረውን በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ። ፈሳሹ ውሃ የመሰለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሁን፤ ቡናማ ከሆነ ሞቷል። ቫይታሚን ኢ እና ፌሩሊክ አሲድ አብረውት ካሉ እሰየው። የዱክ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ሼልደን ፒኔልና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ፌሩሊክ አሲድ ሲጨመር ሁለቱ ቫይታሚኖች ቆዳን ከፀሐይ የሚከላከሉበት አቅም በእጥፍ አድጓል። እነዚሁ ሰዎች ቀደም ሲል ቆዳ ውስጥ የገባው ቫይታሚን ሲ በ4 ቀን ገደማ በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ሕፃኑ ሲያስለቅስሽ አንድ ጠዋት ብታልፊው ምንም አይደል።

ሎሚ ቀቢ የሚሉሽን አትስሚ። የሎሚ ጭማቂ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል።

ጠዋት ፊትሽን ታጠቢና ሴረሙን፣ ማለትም የቫይታሚን ሲውን ፈሳሽ ቀቢ፣ ሲደርቅ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ደርቢበት። ያለ ሰንስክሪን ልፋትሽ ከንቱ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ናት፣ ደመና ቢሆንም። ማድያት ዓይናችን በሚያየው ተራ ብርሃንም ይብሳልና አይረን ኦክሳይድ ያለበት ባለቀለሙ ሰንስክሪን ይሻልሻል። ለውጡን ለማየት 2 ወይም 3 ወር ታገሺ። ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ ያደበዝዘዋል። የሚደበዝዘው ማድያቱ ነው፤ ያንን የሚያምር ጠይምነትሽን ማንም እንዲነካብሽ አልፈልግም።

የቅባቱን ካርቶን ጀርባ ፎቶ አንስተሽ ዛሬውኑ ላኪልኝ። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ሳገኝ ሰንስክሪኑን እልካለሁ፣ ለሴረሙ ግን መንገዱ ላይ ሙቀት እንዳይጎዳው እዚያው ከታወቀ ፋርማሲ ብትገዢ ይሻላል። የልጅሽን ስም እህትሽ ሳትነግረኝ ስልኩ ተቋረጠ፤ እሱንም ጻፊልኝ።

ያንቺው ትዕግሥት
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ